ምስልና ሰው፤ የጃፓን ዘፋኞችን ለመገናኘት ስለሚሄዱ አድናቂዎች

ሰው ዝናውን የሰማለትን በዓይኑ ለማየት፣ ድምፁን የወደደለትን ቀርቦ ሰላም ለማለት ሩቅ መንገድ መሄዱ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። የመምህር ዝና የሰማ ተማሪ አኩፋዳውን በትከሻው፣ በትሩን በእጁ ይዞ ወንዝ ይሻገራል፤ የጀግና ዝና የሰማ ጎልማሳ ፊቱን ለማየት በአደባባይ ሲጋፋ ይውላል። ጆሮ የሰማውን ዓይን ካላየው ልብ አያርፍምና። ይህ የሰው ሁሉ ጠባይ ስለሆነ በራሱ አይነቀፍም። ነገር ግን ማንን ለማየት እንደሚሄድ፣ እንዴት ባለ ልብ እንደሚሄድ፣ አይቶስ ምን ይዞ እንደሚመለስ ሊመረመር ይገባል።

በዘመናችን ይህ ጥንታዊ ጠባይ አዲስ መልክ ይዟል። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች በየዓመቱ የአድናቂዎች ጉባኤ ይደረጋል፤ ወጣቶችም የሚወዷቸውን የጃፓን ዘፋኞች ለማየት፣ ፊርማቸውን ለመቀበል፣ ቢቻልም እጃቸውን ለመጨበጥ ከየስፍራው ይጎርፋሉ። እኛም በዛሬው ትምህርታችን ይህ ጉባኤ ምን እንደሆነ፣ ከእርሱም ጋር የተያያዘው የጃፓን የዘፋኝነት ልማድ እንዴት እንደሚሠራ፣ በመጨረሻም ወደዚያ የሚሄድ ሰው በምን ዓይነት አሳብ ሊሄድ እንደሚገባው በአጭሩ ለማስረዳት እንወዳለን።

«ይህ ነገር ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ቢኖር መልሱ ቅርብ ነው። ከነዚህ ጉባኤዎች አንዱ፣ ኦታኮን የሚባለው፣ ከ2017 ጀምሮ የሚደረገው በዋሽንግተን ከተማ ነው፤ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ደግሞ ብዙ ወገኖቻችን ልጅ ወልደው የሚያሳድጉበት ስፍራ መሆኑን የማያውቅ የለም። እዚያ የተወለደ ልጅ የመግቢያ ገንዘብ ሲለምን አባት፣ «ዘፋኝ ለማየት ይህን ያህል ገንዘብ?» ብሎ ይቆጣ ይሆናል፤ ልጅም፣ «አባዬ፣ ይህ ነገር አይገባህም» ብሎ ወደ ክፍሉ ገብቶ በሩን ይዘጋ ይሆናል። አባት ልጁ የሚወደውን አላወቀም፤ ልጅም የሚወደውን ለአባቱ የሚያስረዳበት ቃል አላገኘም። በሁለቱ መካከል የተዘጋውን በር ለመክፈት አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው እንዲያስታውስ እንለምናለን።

፩. ጉባኤው ምን እንደሆነ

በጃፓን አገር በሥዕል የሚሠራ ፊልም አለ፤ ስሙም አኒሜ ይባላል። ይህ ፊልም የሕፃናት መጫወቻ ብቻ አይደለም፤ ስለ ጦርነት፣ ስለ ሞት፣ ስለ ወዳጅነትና ስለ ብቸኝነት የሚናገር፣ ለጎልማሳም የሚሆን አለበት። እንዲህ ያሉትን ፊልሞች የሚወዱ ሰዎች በአሜሪካ ሲበዙ በያሉበት መሰብሰብ ጀመሩ። ከዚህም የተነሣ አኒሜ ኤክስፖ የሚባለው ጉባኤ በ1992 በካሊፎርኒያ፣ ኦታኮንም በ1994 በፔንስልቬንያ ተመሠረቱ። ኦታኮንን የሚያስተዳድረው ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው፤ በጉባኤው ቀን ሰልፍ የሚያሰልፉት፣ በር የሚጠብቁት፣ እንግዳ የሚቀበሉትም ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ አድናቂዎች ናቸው።

ፊልሞቹ በመግቢያቸውና በመዝጊያቸው ዘፈን አላቸው። ፊልሙን የወደደ ዘፈኑን ይወዳል፤ ዘፈኑን የወደደም ዘፋኙን ለማየት ይመኛል። ነገር ግን የጃፓን ዘፋኞች በአገራቸው ውስጥ ሰፊ ገበያ ስላላቸው ወደ ውጭ አገር የሚወጡት ከስንት አንድ ጊዜ ነበር። ስለዚህ ጉባኤዎቹ በአድናቂውና በዘፋኙ መካከል ድልድይ ሆኑ። በ2004 ላርክ አን ሲየል የሚባለው የጃፓን የሙዚቃ ጓድ በአሜሪካ ምድር የመጀመሪያውን ኮንሰርት ያደረገው በባልቲሞር ከተማ በኦታኮን ጉባኤ ነበር። በ2009 ሞርኒንግ ሙሱሜ፣ በ2010 ደግሞ ኤኬቢ48 የሚባሉት የልጃገረዶች ጓዶች በሎስ አንጀለስ በአኒሜ ኤክስፖ ተገኝተው ዘፍነዋል።

በጉባኤው የሚሆነው ይህ ነው። እንግዳው ዘፋኝ በአንድ ሰዓት በትልቁ አዳራሽ ይዘፍናል፤ በሌላው ሰዓት በአስተርጓሚ አማካይነት ለሚቀርብለት ጥያቄ መልስ ይሰጣል፤ በሌላው ሰዓት ደግሞ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ ይፈርማል። ለፊርማው የሚመጣው ሕዝብ ብዙ ስለሆነ ሰልፉ ይረዝማል፤ በአንዳንድ ስፍራም ዕጣ ይጣላል ወይም የተቆጠረ ቲኬት ይታደላል። ተራው የደረሰው አድናቂ የያዘውን ሲዲ ወይም ሥዕል ያቀርባል፤ ዘፋኙ ይፈርማል፤ ሁለቱም በተሰባበረ ቋንቋ አንድ ሁለት ቃል ይለዋወጣሉ፤ ወዲያው አስተናጋጁ የሚቀጥለውን ይጠራል። ለዚህች ቅጽበት ሲል ከሩቅ አገር የሚመጣ፣ ለወራትም ገንዘብ የሚያጠራቅም አለ። ከውጭ ሆኖ ለሚያየው ከንቱ ድካም ይመስላል። ነገር ግን ሰው ለትንሽ ነገር ብዙ ሲደክም ባየን ጊዜ፣ ከመሳቃችን በፊት በዚያች ትንሽ ነገር ውስጥ ምን ትልቅ ነገር እንደሚፈልግ መጠየቅ ይገባናል።

፪. የስሙ ትርጓሜ

ጃፓኖች እንዲህ ያለውን ወጣት ዘፋኝ «አይዶሩ» ይሉታል። ቃሉ የራሳቸው አይደለም፤ ከእንግሊዝኛው «አይዶል» የተወሰደ ነው፤ እንግሊዝኛውም መሠረቱ «ኤይዶሎን» የሚለው የጽርዕ ቃል ነው። ስሙ በጃፓን የተስፋፋበት ምክንያት በ1963 በፈረንሳይ ተሠርቶ በ1964 በጃፓን የታየ አንድ ፊልም ነው፤ በዚያ ፊልም ሲልቪ ቫርታን የምትባል ወጣት ዘፋኝ ነበረችበት፤ የፊልሙም ርእስ ይህንኑ ቃል የያዘ ነበር።

ቃሉን በአባቶቻችን የትርጓሜ ልማድ ብናብራራው እንዲህ ይሆናል። አይዶል ማለት ምስል ማለት ነው፤ ዓይን የሚያየው፣ እጅ ግን የማይጨብጠው። አንድም ጣዖት ማለት ነው፤ ሰው በእጁ ሠርቶ መልሶ የሚሰግድለት። አንድም በጃፓኖች አነጋገር ወጣት ዘፋኝ ማለት ነው፤ ሕዝብ እያየው የሚያድግ፣ ሕዝብም የሚደግፈው።

የአገራችን አንባቢ «ጣዖት» የሚለውን ሲሰማ ይደነግጥ ይሆናል፤ ድንጋጤውም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ጃፓኖች በዚህ ስም ሲጠሩ ስግደትን አያስቡም። የሚያስቡት ገና ያልበሰለችውን፣ በየጊዜው የምትሻሻለውን ወጣት ነው። አድናቂው የሚወደው የድምፅዋን ፍጹምነት ብቻ አይደለም፤ ስትሳሳት አይቷት፣ ስትደክም አይቷት፣ ከዓመት በኋላ በርትታ ሲያያት ደስ ይለዋል። ከላይ የጠቀስናቸው ሞርኒንግ ሙሱሜ የተነሡት እንዲህ ነው፤ በ1997 በቴሌቪዥን ውድድር ተሸንፈው የወደቁ አምስት ሴቶች፣ 50,000 ሲዲ በአምስት ቀን ውስጥ ራሳቸው ሸጠው ከጨረሱ ወደ ዘፋኝነት ይገባሉ ተባለ፤ እነርሱም ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ ሸጠው ጨረሱ። ሕዝቡ ከዘፈናቸው አስቀድሞ የወደደው ድካማቸውን ነው። አድናቂው ለመረጣት ዘፋኝ የሚሰጣት «ኦሺ» የሚለው ስምም መግፋት፣ መደገፍ ከሚል ግሥ የወጣ ነው። ሌላውን ወደ ላይ ገፍቶ ማውጣትን መውደድ ክፉ ነገር ነውን? አይደለም።

ስለዚህ ስሙን ብቻ ይዘን ነገሩን ሁሉ ጣዖት ማምለክ ነው ብንል ፍርዳችን የተጣመመ ይሆናል። ሆኖም ስሙ፣ የሰየሙት ሰዎች ሳያስቡት፣ አንድ እውነት ይናገራል። በመድረክ መብራት ሥር፣ በልብስና በቅባት አጊጦ፣ ሁልጊዜ እየሣቀ የሚታየው ምስል ነው። ከምስሉ ኋላ የሚራብ፣ የሚደክም፣ የሚታመም፣ እናቱን የሚናፍቅ ሰው አለ። የትምህርታችን ቁልፍ ይህ ነው፤ ምስልና ሰው አንድ አይደሉም።

ለዚህም አንድ እንግዳ ምሳሌ አለ። በ2007 በሳፖሮ ከተማ የሚገኝ ክሪፕተን ፊውቸር ሚዲያ የተባለ ኩባንያ ሐትሱኔ ሚኩ የምትባል «ዘፋኝ» አወጣ። እርስዋ ሰው አይደለችም፤ ከአንዲት ተዋናይ ከተቀዳ ድምፅ የተሠራች፣ ማንም ግጥምና ዜማ ጽፎ በኮምፒዩተር ሊያዘፍናት የሚችል መሣሪያ ናት፤ መልክዋም ሥዕል ነው። በጁላይ 2011 በአኒሜ ኤክስፖ ጊዜ በሎስ አንጀለስ በትልቅ አዳራሽ መልክዋ በብርሃን ተሥሎ በመጋረጃ ላይ ሲዘፍን፣ ሕያዋን ሙዚቀኞች አጀቧት፤ የተሰበሰበውም ሕዝብ የብርሃን ዘንግ እያወዛወዘ አብሯት ዘፈነ። እርስዋ ፍጹም ምስል ናት። አትደክምም፣ አታረጅም፣ በስድብ አታዝንም፣ በፍቅርም አትጨነቅም። ምስልን ብቻ የሚፈልግ ሰው ይህችን ቢወድ ማንንም አይበድልም። ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ እጅዋን የምትዘረጋዋ ልጅ ግን እንዲህ አይደለችም።

፫. የእጅ መጨበጥ ልማድ

በዲሴምበር 2005 ያሱሺ አኪሞቶ የተባለ የዘፈን ግጥም ደራሲ በቶኪዮ አኪሐባራ በሚባለው ሰፈር ኤኬቢ48 የተባለውን የልጃገረዶች ጓድ አቋቋመ። አሳቡም፣ ዘፋኝ በቴሌቪዥን ከሩቅ የሚታይ ብቻ ሳይሆን ሰው ሄዶ ሊያገኘው የሚችል ይሁን የሚል ነበር። ስለዚህ 250 ያህል ወንበር ያለው ትንሽ ቴያትር ከፍቶ ልጃገረዶቹ በየዕለቱ ማለት ይቻላል እንዲዘፍኑ አደረገ። በኋላም በሚሸጠው ሲዲ ውስጥ የእጅ መጨበጫ ቲኬት ይገባ ጀመር፤ ይህንም ስብሰባ ጃፓኖች «አኩሹካይ» ይሉታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሰፊ አዳራሽ ዘፋኞቹ በየረድፋቸው ይቆማሉ፤ አድናቂው ቲኬቱን ሰጥቶ ይቀርባል፤ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ ይነጋገራሉ። ለአንድ ቲኬት የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ነው፤ ቢበዛ ዐሥር ሴኮንድ ያህል። ከአጠገባቸው «ሐጋሺ» የሚባል አስተናጋጅ ይቆማል፤ ትርጓሜውም «የሚልጥ» ማለት ነው፤ ጊዜው ሲያልቅ ትከሻ ይዞ ያላቅቃልና። ብዙ ደቂቃ የፈለገ ብዙ ቲኬት፣ ብዙ ቲኬት የፈለገም ብዙ ሲዲ መግዛት አለበት። ከ2009 እስከ 2018 ደግሞ በየዓመቱ ማለት ይቻላል የትኛዋ ልጅ ከፊት እንደምትቆም የሚወስን ምርጫ ይደረግ ነበር፤ የድምፅ መስጫውም በሲዲው ውስጥ ስለሚገኝ የአንድ አድናቂ ድምፅ እንደ ገንዘቡ ይበዛ ነበር። በ2017 በፉኩኦካ አውራጃ አንድ ሰው ቲኬቱን አውጥቶ የተረፉትን 585 ሲዲዎች ተራራ ላይ በመጣሉ በሕግ ተጠይቋል። ዘፈኑ ተጣለ፤ ቲኬቱ ተወሰደ። የተገዛው ዘፈኑ ሳይሆን ቲኬቱ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ በዐሥር ሴኮንድ ውስጥ ምን አለ? በጃፓን አድናቂዎች ዘንድ «ኒንቺ» የሚባል ቃል አለ፤ መታወቅ ማለት ነው። ዘፋኟ የአድናቂውን ፊት አስታውሳ ስሙን ስትጠራለት «ኒንቺ አገኘሁ» ይላል። የብዙ ሰልፍና የብዙ ቲኬት መጨረሻ ግቡ ይህ ነው። በሥራ ቤቱ በቁጥር የሚታወቅ፣ ማታ ወደ ብቸኛ ክፍሉ የሚገባ፣ ሳምንት ሙሉ ስሙን ማንም በፍቅር የማይጠራው ሰው ይኖራል። ለእንዲህ ያለው ሰው አንዲት ልጅ፣ «እንደገና መጣህልን፤ ጉንፋኑ ተሻለህ?» ብትለው ቃሉ እንደ ውሃ ያረካዋል። በዚህ ሰው ልንዘብት አይገባንም። የሚፈልገው በስሙ መጠራትን ነው፤ በስሙ መጠራትን የማይፈልግ ሰውም ከቶ አልተወለደም። ጥሙ እውነተኛ ነው፤ ጥያቄው ምንጩ ይበቃ እንደሆነ ነው።

ምንጩ አይበቃም። የዘፋኟ ደግነት ሐሰት ስለሆነ አይደለም፤ ከብዙዎቹ ዘንድ ከልብ የሆነ ደግነት ይኖራል። ነገር ግን በሴኮንድ ተለክቶ የሚሸጥ መታወቅ ቲኬቱ ባለቀ ጊዜ ያልቃል። የአድናቂው ስም በእርስዋ ዘንድ ከብዙ ስም አንዱ ነው፤ እርስዋ ግን በእርሱ ዘንድ አንዲት ናት። ሚዛኑ እኩል አይደለም። ይህን ዐውቆ የሚቀበለው ሰው ደስ ብሎት ይመለሳል፤ ይህን ያላወቀው ግን፣ ያልተሸጠለትን እንደ ገዛ ይቈጥርና አንድ ቀን ሒሳብ ይጠይቃል። የመከራው ምንጭ ይህ ነው።

፬. ምስሉ ሰውን ሲያስጨንቅ

ምስል የገዛ ሰው ምስሉ እንዳይለወጥበት ይፈልጋል። ከዚህም የተነሣ ብዙ የጃፓን ኩባንያዎች ወጣት ዘፋኞቻቸው ከወንድ ጋር እንዳይወዳጁ ከልክለዋል፤ አንዳንዶቹም በውል ጽፈዋል፤ አድናቂው ቅር እንዳይለው ነው። በጃንዋሪ 2013 የኤኬቢ48 አባል የሆነች አንዲት የ20 ዓመት ልጅ ከአንድ ወጣት ቤት አድራ መውጣትዋ በመጽሔት በታተመ ጊዜ፣ የራስዋን ጠጕር ተላጭታ በፊልም ቀርባ እያለቀሰች ሕዝቡን ይቅርታ ለመነች። ልጅቱ ማንንም አልበደለችም፤ ምስሉን ግን ሰብራለች፤ ስለዚህ እንደ በደለኛ ቀረበች። ያን ፊልም ያየ ሁሉ ከምስሉ ኋላ ሰው እንዳለ ዐወቀ፤ የዐወቀው ግን በእንባዋ ነው።

ነገሩ ወደ ፍርድ ቤትም ደርሷል። በሴፕቴምበር 2015 የቶኪዮ አውራጃ ፍርድ ቤት ውልዋን አፍርሳ ወንድ የወደደች የ17 ዓመት ዘፋኝ ለኩባንያዋ 650,000 የን ያህል ካሣ እንድትከፍል ፈረደ። በጃንዋሪ 2016 ግን በዚያው ፍርድ ቤት በሌላ ነገር የተፈረደው ፍርድ ከዚህ ተለየ፤ መውደድና መወደድ ሰው ደስታውን የሚፈልግበት መብቱ ነው ተብሎ የኩባንያው ክስ ውድቅ ሆነ። በሁለቱ ፍርዶች መካከል የቆመው ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ነው፤ ይህች ልጅ ምስል ናት ወይስ ሰው?

ከዚህ የከፋም ሆኗል። በሜይ 2014 በኢዋቴ አውራጃ በእጅ መጨበጫ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው መጋዝ ይዞ ገብቶ ሁለት የኤኬቢ48 አባላትንና አንድ አስተናጋጅ አቈሰለ። በሜይ 2016 ደግሞ በቶኪዮ አንድ አድናቂ የላከው ስጦታ ስለተመለሰበት ተቈጥቶ አንዲት ወጣት ዘፋኝን በጩቤ ወጋት፤ እርስዋም ከሞት ለጥቂት ተረፈች። ስጦታ መስጠቱ ፍቅር ይመስል ነበር፤ ዕዳ መሆኑ የታወቀው በተመለሰ ጊዜ ነው። እውነተኛ ፍቅር «እንቢ» የሚለውን ቃል ይሸከማል፤ ባለቤትነት ግን አይሸከመውም።

ወንዶቹም ከዚህ አላመለጡም። የወንድ ልጆችን የዘፈን ጓዶች በማውጣት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ስመ ጥር የነበረው ጆኒ ኤንድ አሶሺየትስ የተባለው ኩባንያ፣ መሥራቹ ጆኒ ኪታጋዋ በ2019 ከሞተ በኋላ፣ ሰውየው በሥሩ በነበሩ ልጆች ላይ ነውር ሲፈጽም መኖሩን በሴፕቴምበር 2023 በአደባባይ አምኖ ይቅርታ ጠይቋል። ምስሉ በመድረክ ላይ ሲያበራ፣ አድናቂውም ከታች ሲያጨበጭብ፣ ልጆቹ በጓዳ ይጎዱ ነበር። ስለ ጉዳታቸው የተናገሩ ሰዎች ቀድሞም ነበሩ፤ ጩኸታቸውን ግን ጭብጨባው ዋጠው።

ጥንት ጣዖት ከእንጨት ወይም ከድንጋይ ይሠራ ነበር፤ መሥዋዕቱም ከሌላ ይመጣለት ነበር። በዚህ ልማድ ግን ጣዖት የተባለው ሕያው ሰው ነው፤ ለገዛ ምስሉ መሥዋዕት ሆኖ የሚቀርበውም እርሱ ራሱ ነው። ስለዚህ ስሙ የሚያስደነግጠን ከሆነ፣ ልንደነግጥ የሚገባን ለአድናቂው ብቻ ሳይሆን ለተደናቂውም ነው።

፭. የሚሄድ ሰው እንዴት ይሂድ?

«እንዲህ ከሆነ አለመሄድ አይሻልምን?» የሚል ይኖራል። የእኛ አሳብ ይህ አይደለም። ሄዶ መገናኘት ምስሉን የሚያጸና ብቻ ሳይሆን የሚሰብርም ሊሆን ይችላል። በክፍሉ ብቻውን ተቀምጦ ፊቷን በመስታወት ሰሌዳ የሚያይ ሰው የሚያየው ምስል ብቻ ነው፤ ቀርቦ እጅዋን የጨበጠ ግን እጅዋ መቀዝቀዙን፣ ዓይንዋ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ቁመትዋም ካሰበው ማጠሩን ያያል። ጥበበኛ ከሆነ በዚያች ቅጽበት ጣዖቱ ይወድቅለትና ሰውየዋ ትቀርለታለች። መገናኘት ማለት ይህ ነው። ስለዚህ ለሚሄዱ ወጣቶች ጥቂት ምክር እንሰጣለን።

አንደኛ፣ ለመቀበል ብቻ ሳይሆን ለማመስገን ይሂዱ። የሚናገሩትን አስቀድመው በልባቸው ያዘጋጁ፤ ከተቻለም በጃፓንኛ ይማሩት። «እወድሻለሁ» ከማለት፣ «ያ ዘፈንሽ በታመምሁበት ወራት አጽናንቶኛል» ማለት ይበልጣል። የመጀመሪያው ቃል ስለ ምስልዋ የተነገረ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ሥራዋ ነው። የሠራ ሰው ስለ ሥራው ሲመሰገን ድካሙ ይቀልለታል።

ሁለተኛ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ያለውን ሕይወትዋን አይከታተሉ። ማደሪያዋን መጠየቅ፣ ከሆቴልዋ በር መቆም፣ በስውር ፎቶግራፍ ማንሣት ጨዋ ሰው የማያደርገው ነው። ደክሟት ባትሥቅ አይቀየሙ፤ የገዙት ፊርማዋን እንጂ ፈገግታዋን አይደለም። አግብታ ወይም ደክሟት ዘፋኝነቱን ብትተው ደስ ይበላቸው። ጃፓኖች ከጓድ መውጣትን «ምረቃ» ይሉታል፤ መልካም ስም ነው። ተማሪው ትምህርቱን ጨርሶ ሲሄድ እየመረቀ የሚሸኝ ደግ ነው፤ እግሩን ይዞ የሚያስቀር ግን ለራሱ እንጂ ለተማሪው አያስብም።

ሦስተኛ፣ ገንዘባቸውን ይወስኑ። ከቤት ሳይወጡ ይህን ያህል እናወጣለን ብለው ይቍረጡ፤ ከዚያም አይለፉ። ለዕለት ምግብ፣ ለትምህርት ወይም ለወላጅ መርጃ የተመደበ ገንዘብ ወደ ሲዲና ወደ ቲኬት ከገባ፣ ልብ ከምስሉ ጋር እንደ ተጣበቀ ምልክቱ ይህ ነው።

አራተኛ፣ በሰልፉ ላይ በፊታቸውና በኋላቸው የቆመውን ሰው ይመልከቱ። ይህን ምክር ከሁሉ አስበልጠን እንሰጣለን። ከዘፋኟ ጋር ያለው ጊዜ በሴኮንድ ይቈጠራል፤ ከሰልፈኛው ጋር ያለው ግን በሰዓት ነው። ያ ሰልፈኛ ያንኑ ዘፈን ይወዳል፤ ያንኑ ብቸኝነት ያውቅ ይሆናል፤ ስሙን ብትጠይቀው ይነግርሃል፤ ነገም ብትጠራው ይመልስልሃል፤ ቲኬትም አይጠይቅህም። በነዚህ ጉባኤዎች በሰልፍ ተገናኝተው ለብዙ ዓመት ወዳጅ ሆነው የኖሩ ብዙዎች ናቸው። ኒንቺን ፍለጋ የሄደ ሰው መታወቅን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ በሰልፉ መጨረሻ ሳይሆን በሰልፉ ውስጥ ነው።

ለወላጆችም የምንለው አለን። ልጃችሁ የሚወደውን ዘፋኝ ስም ጠይቁት፤ አንድ ዘፈንም አብራችሁት ስሙ። ቋንቋው ባይገባችሁ እርሱ ይተርጕምላችሁ፤ ሲተረጕም የልቡን ነገር ይነግራችኋልና። ለአካለ መጠን ያልደረሰውን ብቻውን አትልቀቁት፤ አንዱ ወላጅ አብሮት ይሂድ፤ በሰልፉም ላይ አብሮት ይቁም። ገንዘቡንም አብራችሁ ቍጠሩ። በወደደው ነገር ከቀለዳችሁበት ፍቅሩን አይተወውም፤ ይደብቃችኋል እንጂ። ይልቁንም ልጁ በሩቅ አገር ዘፋኝ አፍ ስሙን ለመስማት የሚጓጓው በቤቱ ስሙ የሚጠራው ለተግሣጽ ብቻ ስለሆነ እንዳይሆን፣ እያንዳንዱ ወላጅ ራሱን ይመርምር።

የነገሩ ማጠቃለያ ይህ ነው። ማድነቅ መልካም ነው፤ የሌላውን ሥራ ማየትና ማመስገን የሚችል ልብ የቀና ልብ ነውና። ሩቅ ሄዶ ማየትም አይነቀፍም። ነገር ግን በመድረክ ላይ የሚታየው ምስል ነው፤ ከጠረጴዛው ማዶ እጁን የሚዘረጋው ሰው ነው። ምስሉን ለማየት ሄዶ ሰውን ያገኘ አድናቂ በእውነት ተገናኝቷል፤ ቲኬቱም በከንቱ አልተቈረጠም። ሰውን በእጁ ጨብጦ ምስልን ብቻ ይዞ የተመለሰ ግን ሩቅ መንገድ ሄዷል እንጂ ገና ማንንም አልተገናኘም።